የእትዬ አስካለ ዱባይ

እትዬ አስካለን የቀበርናቸው መሬቱ በውርጭ እንደ ድንጋይ በጠነከረበት በጥር ወር ነው። ጉድጓዱን ቀደም ብለው በማሽን ቆፍረውት ስለነበር ከጎኑ የተቆለለው አፈር በረዶ ሆኖ ተጣብቋል። ቆንጥረን ልንበትን ብንሞክር አልላቀቅ አለን፤ መጋቢው በጫማው ተረከዝ መታ መታ አድርጎ ነው ለእያንዳንዳችን ትንሽ ትንሽ የሰጠን። የሞቱት በልብ ነው። ኦስሎ ጫፍ፣ ቬስትሊ ባለው ቤታቸው፣ ለሥራ ሊወጡ ሲሉ፣ የካፖርታቸውን አንዱን እጅጌ አጥልቀው ሌላውን ሳያጠልቁ ወድቀው ተገኙ።

ከቀብር ተመልሰን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሾርባ ቀረበልን። እንደ ለቅሶ ቤት ወግ አንዱ ትዝታ አነሳ፣ ሌላው ተቀበለው፣ ብዙም ሳይቆይ ወሬው ሁሉ ወደ አንድ ነገር አዘነበለ።

“ስለ ዱባይ ያወሩን ቀን ትዝ ይላችኋል?” አለ መጋቢው።

ማን ይረሳዋል! ቀዝቃዛ የተባለው ቧንቧ የፈላ ውሃ ሲለቅባቸው፣ ወርቅ ነጋዴው “ለልጅሽ ሠርግ” እያለ አንገታቸው ላይ የብረት ጥሩር ያህል የሚከብድ ሐብል ሲጭንባቸው፣ ሽማግሌው ጀልባ ነጂ ሱዳናዊት መስለውት ላግባሽ ሲላቸው። ሰዉ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያወሩት ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት ነገር አልጨመሩበትም። ግን ያን ሳምንት ከጎናቸው የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ሳያወሩ የተዉትንም አውቀዋለሁ።

የተዋወቅነው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ጋምለ ኦስሎ ውስጥ ባለ አንድ ሲኬህየም፣ ማለትም የአረጋውያን መጦሪያ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠርኩ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ከጣራው ሥር ባለችው ጠባብ መስኮት የሚታየው የአላፊ አግዳሚ እግር ብቻ ነው፤ ትራም ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል። ከአገር ቤት ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። በሩን ከፍቼ ስገባ አጠር ደልደል ያሉ ሴት ከአንሶላ ክምር በላይ ቀና ብለው አዩኝ።

“ሐበሻ ነሽ?”

“አዎ።”

“ስምሽስ?”

“ማርታ።”

“እሰይ! ማርያም ብትመጣብኝ ኖሮ ቁጭ ብላ ትሰማኝ ነበር። ማርታ ግን ትሠራለች። ነይ፣ ጫፉን ያዢ።”

እንዲህ ነበሩ። ትልቁን አንሶላ ለሁለት ስናጥፍ ድንገት ጎተት ያደርጉታል፤ ካልጠነከርኩ ወደ ፊት እንገዳገዳለሁ። “ያዢ እንጂ! አንሶላና ትዳር አንድ ነው፤ አንዱ ከለቀቀ ሁለቱም መሬት ነው” ይሉኛል። የታጠፈውን ክምር ሲጨርሱ በመዳፋቸው ሁለቴ ቸብ ቸብ ያደርጉታል፣ ሕፃን እንደሚያስተኙ። ቬስትሊ የባቡሩ መስመር መጨረሻ ስለሆነ፣ “ምን ችግር አለው፣ ብተኛም አያልፈኝም” ይላሉ። ታኅሣሥ ላይ ገና በቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲጨልም ወደዚያች መስኮት ቀና ብለው፣ “ዛሬም መብራት ኃይል ቆረጠብን” ይላሉ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ፕሪንስዳል ነበር። ማታ ማታ የእሳቸውን ቀልድ ለባለቤቴ ስነግረው፣ “አንቺ ሥራ ነው ወይስ ቴያትር የምትሄጂው?” ይለኝ ነበር።

በየዓመቱ ክረምቱ ሲከብድ ባልደረቦቻችን በየተራ “ሲደን” ይሄዳሉ። ሲደን ደቡብ ማለት ነው፤ ኖርዌጂያኖች ፀሐይና ባሕር ያለበትን አገር ሁሉ በዚያ ስም ይጠሩታል። ሄደው ፊታቸው ቡናማ ሆኖ ይመለሳሉ፣ ከዚያ አንድ ሳምንት ሙሉ የሚወራው ስለዚያ ነው። ቱሪል የምትባል ነርስ ነበረች፣ ደግ ሴት። አንድ ቀን፣ “አስካለ፣ አንቺ ፌሪየሽን፣ የዓመት ዕረፍትሽን፣ አንድም ቀን ወጣ ብለሽ አታውቂም። ለምን ሲደን አትሄጂም?” አለቻቸው።

“እኔ የተወለድኩት ደቡብ ነው፣ ሻሸመኔ” አሉ እትዬ አስካለ በዚያ በተሰባበረ ኖርዌጅኛቸው። “በነፃ የተወለድኩበትን ለምን ከፍዬ እሄዳለሁ?”

ቱሪል ስቃ ሄደች። እሳቸው ግን አልሳቁም። 

ልጅ እንዳላቸው የነገሩኝ ከዚያ ብዙ ቆይተው ነው። ባላቸው በአብዮቱ ዘመን ከቤት እንደተወሰዱ አልተመለሱም። የእሳቸውም ስም ከሚፈለጉት ጋር ሲነሳ ጊዜ፣ ገና ጡት የጣለች ሴት ልጃቸውን ለታላቅ እህታቸው ለአልማዝ ትተው ወደ ሱዳን ወጡ። “ለጥቂት ወር ብዬ ነው” አሉኝ። ጥቂቱ ወር አሥር ዓመት ሆነ። ካርቱም ውስጥ በአንድ ነጋዴ ቤት ሻይ እያፈሉ፣ የልጆቹን ገላ እያጠቡ ኖሩ፤ አረብኛውን የተማሩት እዚያ ነው። ከዚያ ስደተኛ ተብለው ኖርዌይ መጡ፤ እግራቸው እንደረገጠም ልጄን አምጡልኝ ብለው አመለከቱ። አንዴ የልደት ማስረጃ ጎደለ ተባለ፣ አንዴ የአሳዳጊ ስምምነት። እህታቸው አልማዝ የራሷ ልጅ የላትም፤ ትዕግስትን፣ ስሟ ትዕግስት ነው፣ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው ያሳደገቻት፤ እሷም ወረቀቱን ለመፈረም እጇ ከበዳት። ማንንም አይወቅሱም ነበር። በየዓመቱ ስልክ እየደወሉ ለልጂቱ “ዘንድሮ” ይሏታል።

አንድ ጠዋት ካውያውን አቁመው፣ “ማርቲ፣ ልጄ እኮ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላት” አሉኝ።

“አደገችልዎ!” አልኩ በደስታ።

“አዎ፣ አደገች። ከእንግዲህ ልጅ አይደለችም ብለውኛል።”

መጀመሪያ አልገባኝም። እናት ልጇን ማስመጣት የምትችለው አሥራ ስምንት እስኪሞላት ብቻ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ካውያውን አንስተው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው።

ትዕግስት የኖርዌዩ በር መዘጋቱን ስትሰማ ብዙ አልቆየችም። እንደ እኩዮቿ በደላላ በኩል ዱባይ ሄደች፣ ሰው ቤት ገባች። እትዬ አስካለ ይኼን ሲሰሙ ታመሙ፤ ቀናት አልጋ ላይ ዋሉ። ሲድኑ ግን ሌላ ሰው ሆነው መጡ። የኖርዌይ ዜግነት አግኝተው ፓስፖርት ከያዙ ገና ብዙ አልቆዩም ነበር።

“ማርቲ” አሉኝ፣ “ሲደን እንሄዳለን።”

“የት?”

“ዱባይ። አንድ ሳምንት፣ ከነሆቴሉ። ቱሪል እንኳ ባለፈው ዓመት ሄዳ ቀልታ መጥታ የለ? አንቺ አብረሽኝ ካልመጣሽ እግሬ ይከዳኛል።”

ባለቤቴ ሂጂ አለኝ። ለልጃቸው ስጦታ ስንገዛ ውዬ አድሬ የማልረሳው ነገር አየሁ። የቆዳ ነጠላ ጫማ መረጡ፣ በጣም የሚያምር። ሻጯ ቁጥሩን ስትጠይቃቸው ቆመው ቀሩ። ከዚያ አንዱን ዓይነት ጫማ በሦስት ቁጥር ገዙ። 

ዱባይ ስንወርድ ከአውሮፕላኑ በር ላይ የተቀበለን ሙቀት የልብስ ማድረቂያውን በር ገና ሲሽከረከር የከፈትንበት ዓይነት ነበር። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ፣ “ማድረቂያው!” ብለን ሳቅን። ሳምንቱ በሳቅ ነው የጀመረው። ባሕሩ እንደ ሰፊ ወንዝ ወደ ከተማው መሐል ገብቶ ለሁለት ከፍሎታል፤ ሰው ከዚህ ወዲያ ማዶ የሚሻገረው ጣራዋ ሸራ በሆነ የእንጨት ጀልባ ነው። ዳርቻው ላይ ፍሪጅና የመኪና ጎማ የተቆለለባቸው ትልልቅ መርከቦች ጎን ለጎን ታስረዋል፤ መርከበኞቹ በክምሩ ላይ ልብስ አጥበው ያሰጣሉ። እትዬ አስካለ ቆም ብለው፣ “እስቲ እዪው፣ ሳይጨምቁ ነው ያሰጡት” ብለው ተቹ። የወርቅ ሰፈሩን በፀሐይ መነጽር ካላዩት ዓይን ያጠፋል አሉ። የቅመማ ቅመሙ ሰፈር ውስጥ ከየጆንያው እየቆነጠሩ አሸተቱ፤ ኮረሪማ የመሰለ ነገር አግኝተው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። በሱዳን አረብኛቸው ጀልባ ነጂውን፣ ሻይ ሻጩን፣ ዘበኛውን ሁሉ ያስቁ ነበር። ሆቴላችን ደጃፍ ላይ ኖርዌጂያን ቱሪስቶች እንደ ተቀቀለ ቀይ ሥር ሆነው ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዕረፍት አላየሁም፤ ዛሬም ስለዚያች ከተማ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ የጀልባው ላይ ንፋስ ነው።

ትዕግስት በስልክ ማዳሟ እንደፈቀደችላትና ቤት መጥተን ልናያት እንደምንችል ነገረቻቸው። ያን ቀን እትዬ አስካለ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለበሱ። ታክሲው ነጫጭ ግንብ ያላቸው ቤቶች ካሉበት ሰፈር፣ ከባሕሩ ብዙ ሳይርቅ አወረደን። ደወሉን ሳንነካው የብረት በሩ ተከፈተና ረዥም፣ ቀጭን፣ ሻሽ ያሰረች ልጅ ወጣች። ከእናቷ በአንድ ራስ ትበልጣለች። እትዬ አስካለ እጃቸውን ዘረጉ። ልጂቱ ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ሳመችና ሳትላቀቅ በጆሯቸው በኩል በፍጥነት ተናገረች።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። እዚህ ቤት እናቴ ሞታለች ብያለሁ። የእናቴ ጎረቤት ነኝ ይበሉልኝ።”

ቀና ስትል ፈገግ ብላለች፤ ማዳሟ ከበረንዳው ላይ ታየን ነበርና። እትዬ አስካለን አየኋቸው። ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር አልተለወጠም። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ “ግቢ ማርቲ” አሉኝና ቀድመው ገቡ።

ማዳሟ ክፉ ሴት አልነበረችም። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ እንግዳ የምትወድ። ሳሎኑ ውስጥ አስቀመጠችን፣ ቴምር አቀረበችልን፤ እትዬ አስካለ አረብኛ እንደሚችሉ ስታይ ደስታዋን አልቻለችውም። “መርየም!” ብላ ተጣራች። እኔ ሌላ ሠራተኛ የምትጠራ መስሎኝ ዞር አልኩ። ትዕግስት ሻይ በሰፊ ትሪ ይዛ ገባች። መጀመሪያ ለማዳሟ፣ ቀጥሎ ለእኔ፣ ከዚያ እናቷ ፊት በርከክ ብላ አቀረበች።  እትዬ አስካለ ካርቱም ውስጥ ዓመታት እንዲያ በርከክ ብለው ያቀረቡ ሴት ናቸው፤ ትሪው ቶሎ ቀለል እንዲልላት ስኒውን ፈጥነው እንዳነሱላት አስተዋልኩ።

ማዳሟ ወደ ልጂቱ እያየች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ በሐዘኔታ የሆነ ነገር ተናገረች። አረብኛ ባላውቅም መጨረሻ ላይ ያለችውን ለየሁት። “አላህ ይርሐምሃ።”  ትዕግስት ትሪውን እንደያዘች ወለሉን ታያለች። እትዬ አስካለ ስኒያቸውን አስቀመጡና ጥርት ባለ ድምፅ፣ “አላህ ይርሐምሃ” ብለው መለሱ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ኖርዌይ በረዶ፣ ስለ ልጆች ተጫወቱ። ማዳሟን አሳቋት። ስንወጣ ሽቶ ሰጠችን።

ምን እንደተባለ የነገሩኝ ጀልባዋ ላይ ነው። ወዲህ ማዶ ስንሻገር ፊታቸውን ወደ ውሃው እንዳዞሩ፣ “እናቷ በሕፃንነቷ የሞተችባት ምስኪን ናት፣ እግዜር ነፍሷን ይማር አለችኝ” አሉ።

“እርስዎስ?”

“ምን ልበል? ነፍስ ይማር ሲባል ዝም ይባላል?” አሉ። ቀጠል አድርገው፣ “ሰው ሁሉ ለሌላው ነው ‘ነፍስ ይማር’ የሚለው፣ ማርቲ። እኔ ለራሴ አልኩ” አሉ። ጀልባ ነጂው ያ ላግባሽ ያላቸው ሽማግሌ ነበር፤ በአረብኛ ጠራቸው፣ እሳቸውም ተረብ መለሱለት፣ ተሳፋሪው ሳቀ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትዕግስት የማዳሟን ሁለት ሕፃናት ይዛ ባሕር ዳር ወጣች። ሾፌሩ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃታል። አሸዋው ላይ ነጠላ አንጥፈን ተቀመጥን። ሕፃናቱ ውሃው ዳር ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ እሷ ዓይኗ ከእነሱ አይነቀልም፤ ስታወራም ወደ እነሱ እያየች ነው። እኔ ልነሳላቸው ብል እትዬ አስካለ ጉልበቴን ይዘው አስቀመጡኝ።

“ልጅ እናቷን አንቱ ትላለች?” አሏት። “አንቺ በይኝ እንጂ።”

“አፌ አይለምድልኝም።”

“ለምን ሞተች አልሽ? ለእነሱ ነው? ደላላው ነው በይ ያለሽ?”

“አይደለም፤ እዚህ የጀመርኩት አይደለም። ትምህርት ቤት ነው። ልጆቹ እናትሽ የት ናት ይሉኛል። ውጭ አገር ናት ስላቸው ታዲያ ለምን አትወስድሽም ይላሉ። በየዓመቱ ዘንድሮ ይሉኝ ነበር፤ እኔም በየዓመቱ ዘንድሮ እላቸው ነበር። አንድ ቀን ሞታለች አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ የለም።” አሸዋውን በጣቷ ትጭራለች። “የሞተች እናት አታሳፍርም።”

የተናገረችው በክፋት አልነበረም። እኔ ያን ጊዜ ፊቷን አይቻለሁ። የሰው ልብስ እንዳይቆሽሽበት ተጠንቅቆ እንደሚያልፍ ሰው ነበር የተናገረችው።  እትዬ አስካለ ቦርሳቸውን ከፍተው ሦስቱን ጫማዎች አወጡና አሸዋው ላይ በተርታ ደረደሯቸው።

ልጂቱ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ሦስተኛውን አየች። ገባት። ጎንበስ ብላ ከትንሹ ጀምራ ለካች። ትልቁ ልክ ሆነላት።

“ይኼኛው” አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምር ፈገግ አለች።

እትዬ አስካለ የማሰሪያውን ዘለበት ሊያስገቡላት ጎንበስ አሉ። እሷም ተወቻቸው። ያን ጊዜ ከሕፃናቱ አንዱ ጨዋማ ውሃ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ጮኸ፤ ትዕግስት ዘለበቱ ሳይታሰር ብድግ ብላ ሮጠች። ሕፃኑን አቅፋ፣ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኑን እየጠረገች፣ በአረብኛ እያባበለች ወደ መኪናው ወሰደችው። ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። ከመስኮቱ እጇን አወጣች። ለመሰናበት ይሁን ሕፃኑን ለማቀፍ እጇን ስታዘዋውር ይሁን አላወቅንም።

ወደ ኦስሎ ስንመለስ፣ ከአውሮፕላኑ ልንወርድ ስንል እትዬ አስካለ እጄን ያዙኝ። “ሰው ስለ ዱባይ ይጠይቀናል። የማወራው እኔ ነኝ፣ እሺ?”

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሰው ከበባቸው። አዳራሹ መሐል ቆመው ጀመሩ። ማድረቂያውን፣ ቧንቧውን፣ ወርቁን፣ ሽማግሌውን። ሐብሉ ሲጫንባቸው እንዴት አንገታቸው እንደጎበጠ አሳዩ። “ታዲያ ለምን አላገቡትም?” ብሎ አንዱ ሲጠይቃቸው፣ “ጀልባው ውስጥ ልብስ ማጠቢያ የለውማ!” አሉ። መጋቢው ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። እኔ ከኋላ ቆሜ የሻይ ብርጭቆ እሰበስብ ነበር። ከሳቁ በላይ ዓይናችን ተገናኘ፤ እሳቸው ቀድመው ዓይናቸውን መለሱ።

ከዚያ ወዲያ ቀልዳቸው አልጎደለም። እንዲያውም በረታ። ግን አንሶላውን ጎተት ማድረግ ተዉ። እኔ ነኝ ጠበቅ የማደርገው፤ እሳቸው የያዙት ጫፍ ይላላል። ትዕግስት መጀመሪያ ላይ አልፎ አልፎ ስልክ ታነሳ ነበር፤ በኋላ ሌላ ሰው እያነሳ “የለችም” ማለት ጀመረ። ሥራ ላይ ሲደክማቸው የታጠፈው አንሶላ ላይ ግንባራቸውን ያስደግፋሉ። ልሂድ ብዬ ስሰናበታቸው፣ “መጨረሻው ጣቢያ አለልኝ፣ አታስቢ” ይሉኛል፤ አባባሉ ያው ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ ነበር።

ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ ቀን ፎጣ እያጣጠፍን ሳለ፣ “ትዕግስት አገሯ ገብታለች” አሉኝ። “ልታገባ ነው። ትናንት ደወለችልኝ፣ ራሷ።”

ፎጣውን ጥዬ አቀፍኳቸው። “እንሂዳ! ፓስፖርት አለዎት፣ ፈቃድ አለን፣ ቱሪልን እጠይቃታለሁ…”

ከእቅፌ ቀስ ብለው ወጡ።

“አትምጪ አለችኝ።”

“እንዴት?”

“የሙሽራው ቤተሰቦች እናቷ እንደሞተች ነው የሚያውቁት። አልማዝም ታዝናለች፤ እውነቷን ነው፣ የደከመችው እሷ ናት። ሙት ደግሞ ሠርግ አይጠራም።” ፎጣውን ከመሬት አንስተው አራገፉት። “ታውቂያለሽ፣ ከእኔ ጋር ስታወራ አንድም ቀን ‘አንቺ’ ብላኝ አታውቅም። አፏን የፈታችው ‘አትምጪ’ ለማለት ነው።”

የሠርጉ ቪድዮ ካሴት ከአገር ቤት በመጣ ሰው እጅ ደረሳቸው። ልጂቱ ናት የላከችው። ብቻዬን አላየውም ብለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቬስትሊ ጠሩኝ። ቤቱን እንደ በዓል አሰናድተውታል። የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው ነበር። ዳቦ ጋግረዋል፤ ለሁለት ሰው የማይሆን ትልቅ ዳቦ።

ካሴቱን ከተትን። የሻሸመኔው ግቢ ታየ፣ ድንኳኑ፣ የመዘምራኑ ቡድን፣ የማላውቀው ሰው ሁሉ። እሳቸው ግን በየፊቱ ላይ ስም ይጠሩ ነበር፤ አንዳንዱን ይስቱታል፣ “አይደለም፣ የእሱ ልጅ ነው መሰል” ይላሉ። ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ነው። እናትና አባት ሆነው የተቀመጡት አልማዝና ባሏ ናቸው። አልማዝ ሸብታለች።

“እህቴ አረጀች” አሉ እትዬ አስካለ ቀስ ብለው። “ደግ አርጋ ነው ያሳደገቻት። እዪ እስቲ አቋሟን።”

ትዕግስት በነጭ ቀሚሷ ጎንበስ ብላ የአልማዝን ጉልበት ሳመች። አልማዝ ራሷን ይዛ አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ መዘምራኑ ተነሱ፣ ሙሽራዋ ደጃፉን ተሻገረች። ቪድዮው ውስጥ ያሉት ሴቶች እልል አሉ።

እትዬ አስካለ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙና እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እልል አሉ። አንዴ አይደለም፤ ደጋግመው፣ በሙሉ ድምፃቸው፣ ግድግዳው እስኪያስተጋባ ድረስ።  አላቆሙም። ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ገብታ፣ ካሜራው ወደ ሰማይ ዞሮ፣ ምስሉ ጠፍቶ ቴሌቪዥኑ እየተንሿሿ እንኳ እልል ይሉ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን እልልታ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አቃተኝ።

በሩ ተንኳኳ። እኔ ልሄድ ብል እሳቸው ቀደሙኝ። ከታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሽማግሌ ኖርዌጂያን በካልሲ ቆመዋል፤ ፊታቸው ነጭ ሆኗል።

“ጩኸት ሰማሁ” አሉ። “ሰው ተጎዳ? ሐኪም ልጥራ?”

እትዬ አስካለ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና ቀሚሳቸውን አስተካከሉ።

“ኔይ፣ አይደለም” አሉ። “ልጄን ድሬ ነው።”

ሽማግሌው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ሳሎኑ ውስጥ ያለነው እኔና ያልተቆረሰው ዳቦ ብቻ ነን።  ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፣ የእትዬ አስካለን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ኖርዌጂያን ለደስታ እንደሚለው “ግራቱሌረር” አሉ።

“ታክ” አሉ እትዬ አስካለ። አመሰገኑ።

ሽማግሌው ደረጃውን ይዘው ወረዱ፤ የቤታቸው በር ሲዘጋ ሰማሁ። እትዬ አስካለ ግን በሩን አልዘጉትም። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ገና ሌላ ለደስታ የሚመጣ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ በሩን ከፍተው ቆሙ። የደረጃው መብራት ሰዓቱ ደርሶ በራሱ እስኪጠፋ ድረስ እንደዚያው ነበሩ።